በገዛ ለቅሶው ንፍሮ የበላ ወታደር

ሐምሌ 9 ቀን 1978፤ ላሊበላ

ዛሬ ደራሲ ሆኜ ዋልኩ። ፈልጌ አይደለም፤ ተመድቤ ነው። ጓድ ሙሉሃብት ቢሮው አስጠራኝና ወንበር እንኳ ሳያሳየኝ፣ «ጓድ ሰጠኝ፣ አንተ የአማርኛ መምህር ነህ። የኪነት ቡድኑን ተረክበህ ለአብዮት በዓል አንድ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ታደርሳለህ» አለኝ። ይህ ልጅ የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ሆኖ ከመጣ ዓመትም አልሞላው። ዕድሜው የተማሪዎቼ ነው። «አንተ» ይለኛል፤ እኔም «እሺ ጓድ» እላለሁ። አፌ ለምዶታል።

ርዕሱም አብሮ ተመድቧል፤ ስለ ተራ ወታደር ይሁን ተብሏል። «ጄኔራል አታምጣብኝ። ጀግንነትም አታብዛ። ሕዝቡ እየሳቀ ልጁን እንዲልክ ነው የምንፈልገው» አለ። እየሳቀ! እኔ በዚህ አገር ልጁን እየሳቀ የላከ ሰው አላየሁም። ደራሲ ግን ያላየውንም መጻፍ አለበት መሰለኝ።

መሪ ተዋናይ ያስፈልገኛል ስለው «ከምልምሎቹ ምረጥ» አለኝ። ለብሔራዊ ውትድርና የታፈሱት ልጆች እህል መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጠው መኪና ይጠብቃሉ፤ መንገዱን ጭቃ ስለያዘው መኪናው አልመጣም። ገብቼ ጋሻዬን መረጥኩ። የመረጥኩት በድምፁ ነው። የብልባላ ሰርግ ያለ እሱ አይደምቅም፤ ሽማግሌ ሲያስመስል ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይስቃሉ። እናቱ ወለተ ሐና ጎረቤቴ መሆኗ ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም። ታላቅ ወንድሙ ታፈረ በመጀመሪያው ዙር ዘምቶ፣ የአገልግሎት ጊዜው አልቆ፣ እስካሁን ወሬው አለመሰማቱም እንዲሁ። ይህን የምጽፈው ሰው እንዳይሳሳት ነው።

ጋሻዬ ትርዒቱ እስኪያልቅ ድረስ ለእኔ ተፈርሞ ተሰጠኝ። እንደ ዕቃ።

ሐምሌ 13

መጣልኝ! ጀግናዬ ተራ ወታደር ድንበሩ ይባላል። የላስታ ገበሬ ነው፤ ግራና ቀኙን አይለይም፤ አሳምሮ የሚያውቀው ረሃቡን ነው። ይዘምታል። በስህተት ሞተ ተብሎ ለእናቱ መርዶ ይነገራል። እናት ልብሱን አልጋ ላይ ዘርግታ፣ ድንኳን አስተክላ፣ አገር ጠርታ ታለቅሳለች። ለቀስተኛው ተበትኖ እናት ብቻዋን ስትቀር ድንበሩ ፈቃድ ወጥቶ እየጨፈረ ይደርሳል። ርቦታል። ቁጭ ብሎ የገዛ ለቅሶውን ንፍሮ ይበላና «እማዬ፣ ማን ሞቶ ነው?» ይላል። እናት ዞር ትላለች፤ እልል ትላለች፤ ዘፈን፤ መጋረጃ።

ይህን ስጽፍ ብቻዬን ስስቅ አመሸሁ። ወለተ ሐና ጠዋት ውሃ ስትቀዳ «መምህር፣ ማታ እንግዳ መጥቶብዎት ነበር?» አለችኝ። «ድንበሩ የሚባል ሰው ነው» አልኳት። ፈገግ አለች። ስትስቅ ጉንጯ ላይ... እንዲህ ያለውን መጻፍ ምን ያደርጋል።

ሐምሌ 20

የመጀመሪያው ዘፈን ተጣለ። ድንበሩ ጫማ ሲታደለው የሚዘፍነው ነበር፦

የሰጡኝ ጫማማ ከእግሬ ይበልጣል፤
እኔ ሳልነሳ እሱ ግንባር ይደርሳል።

ጋሻዬ ይህን ሲዘፍን ጫማው ቀድሞት የሚሄድ ነው የሚመስለው። የደንብ ልብሱን የሚሰፋልን ልብስ ሰፊው አብዱልሀሚድ መርፌ ጣቱን እስኪወጋው ሳቀ። ጓድ ሙሉሃብት ግን አልሳቀም። «ሠራዊታችን ጫማ እንኳ በልኩ አይታደልም ማለትህ ነው?» አለኝ። ኧረ በፍጹም! አስተካከልኩት። አሁን ጫማው ልክ ነው፣ ጥፋቱ የእግሩ ነው፤ ድንበሩም ስለ እግሩ ማነስ ግለ ሂስ ያደርጋል። እውነቱን ለመናገር ከፊተኛው ይበልጥ ያስቃል። ጓድ ሙሉሃብት የሚያስቀው ምኑ እንደሆነ ስላልገባው አሳለፈልኝ።

በዚያው ስብሰባ ሌላም ነገር ተናገረ። መርዶው ከመንግሥት ሳይመጣ ለዘማች ድንኳን የተከለ፣ ልብስ ያወጣ፣ ንፍሮ የቀቀለ ሁሉ ጠላትን እንዳስደሰተ ይቆጠራል። መንግሥት ደግሞ መርዶ አይልክም። «ታዲያ የትርዒታችን ለቅሶስ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ለሥራዬ ብዬ ነው። «እሱማ ኪነት ነው። በዚያ ላይ ልጁ አልሞተም» አለኝ።

ሐምሌ 28

ጋሻዬ አበዛው። የደንብ ልብሱን ለብሶ ብቅ ሲል ወታደር ነው፤ ሲሰለፍም፣ ሰላምታ ሲሰጥም፣ ሲፈራም። «እውነተኛ ወታደር ምሰል፣ እርምጃህን አስተካክል» እያልኩ ስጨቀጭቀው የከረምኩት እኔ ነኝ። ምን አቅበጠበጠኝ?

ጓድ ሙሉሃብት ልምምዱን አይቶ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ከዚያ ሐሳብ መጣለት። ሐሳብ ሲመጣለት ቆቡን ያወልቃል። «ትርዒቱ ሲያልቅ ይህ ልጅ ልብሱን ሳይቀይር ከመድረክ ወርዶ ቀጥታ መኪናው ላይ ይወጣል። የቀሩት ምልምሎች ይከተሉታል። ኪነትና ሕይወት አንድ ሲሆኑ ሕዝቡ በዓይኑ ያያል!» አለ።

«ፍጻሜው ይበላሻል እኮ ጓድ። ድንበሩ ፈቃድ ወጥቶ ቤቱ ገብቶ ነው የሚያበቃው» አልኩ።

«ፈቃዱ ያልቃላ!» አለኝ።

ጋሻዬ አጠገባችን ቆሞ ይሰማል። ወደ ቤት ስንመለስ «ጋሼ፣ ባላሳምረው ይሻል ነበር?» አለኝ። ስለ ሁለተኛው ዘፈን ማውራት ጀመርኩ።

ነሐሴ 2

ለወለተ ሐና ነገርኳት። የቡድኑ አልባሳት ኃላፊ አድርጌያት ስለነበር ማወቅ ነበረባት። ጥጥ ትፈትል ነበር፤ እንዝርቷን አላቆመችም። «ታፈረም እየሳቀ ነው የሄደ» አለች።

ምነው በሰደበችኝ። «ልጄን አድናለሁ ብለህ ወስደህ አስጌጥህልኝና ለነሱ ሰጠህ» ብትለኝ ኖሮ እቤቴ ገብቼ እተኛ ነበር።

ነሐሴ 6

ትርዒቱ ለጥቅምት ይተላለፍልኝ ብዬ አመለከትኩ። ምክንያት፦ ፍልሰታ ገብቶ ከበሮ መቺዎቻችን ደብተራዎች ስለሆኑ ከቤተ ክርስቲያን አይወጡም። ዝናብ። የእኔ ሳል። ጓድ ሙሉሃብት ያዘነው ለሳሌ ብቻ ነው። «ዝንጅብል ውሰድበት» አለኝ።

ነሐሴ 10

ወለተ ሐና ሽንብራ ልሸምት ብላ ኩልመስክ ሄዳ ነበር። ባዶ እጇን ተመለሰች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ነበር፤ በራፏ ላይ ስታየኝ ቶሎ ብላ ገለበጠችው። «ጫፉን ጭቃ እንዳይነካብኝ ነው» አለች።

«ማን ቤት አደሩ?»

«ከታፈረ ጋር የዘመተ ልጅ አለ። እግሩን ቆርጠው መልሰውታል። እሱ ዘንድ ነው ያደርኩ።»

«ስለ ታፈረ ምን ይላል?»

«ደኅና ነው ይላል።»

«ተመስገን!» አልኳት። እሷም ተመስገን አለች። ይህ ትልቅ የምሥራች ነው፤ ደስ ሊለን ይገባል። ከዚያ ወዲህ በሯን ዘግታ ከቤት አልወጣችም። መንገዱ አድክሟት ይሆናል።

ነሐሴ 14

የድንበሩን እናት የምትጫወተው ሙሉዬ ናት፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ሁሉ ነገሯ ጥሩ ነው፤ ማልቀስ ብቻ አልቻለችም። ደረቷን ልትመታ እጇን ስታነሳ ሳቅ ያመልጣታል። «ምን ላድርግ ጋሼ፣ ጋሻዬ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየ ያስቀኛል!» ቁጣም ልመናም አልጠቀመኝ።

ወለተ ሐና ጥግ ተቀምጣ ቆብ ትጠግን ነበር። ቀስ ብላ ተነሣችና «መምህር፣ እኔ ላልቅስላችሁ?» አለች።

መሀል ላይ ቆመች። ግጥም አላወጣችም፣ ደረቷን አልመታችም። ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ልብሱ የሚዘረጋበትን ባዶ አልጋ ዝም ብላ አየችው። አብዱልሀሚድ «ያ ረቢ» ብሎ የስፌት መኪናውን አቆመ። ሙሉዬ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ይኸው አሁን ቻለችበት!

ይህች ሴት ሳትማር አርቲስት ናት። ቦታውን ሰጠኋት፤ ሙሉዬ ከለቀስተኞቹ መሀል ትገባለች። ጓድ ሙሉሃብትም ደስ አለው። «የዘማች እናት፣ በዘማች እናትነት! ይህን ሪፖርቱ ላይ አስገባዋለሁ» አለ።

ነሐሴ 18

አሸንድዬ። ሙሉዬና ልጃገረዶቹ ሁሉ ወገባቸው ላይ ሣሩን አስረው ቤት ለቤት ይጨፍራሉ፤ የኪነት ቡድን ማለት ጋሻዬና እኔ ሆነን ቀረን። ገበያው አጠገብ ሲያዩት «ወታደሩ! ወታደሩ!» እያሉ ከበቡት። ስለ እግሩ ዘፈነላቸው። ሚሊሺያዎቹም ቆመው ሳቁ። ይህን ልጅ በዚህ ከተማ የማያውቀው ሰው የለም፤ በየትኛውም ኬላ ቢያልፍ በፊቱ ይለዩታል። ይህን ለምን እንዳሰብኩ እንጃ።

ነሐሴ 26

ወለተ ሐና ስለ ዝግጅቱ አስተያየት አላት። የሚከተለው ሁሉ የተደረገው ለኪነት ሲባል ብቻ መሆኑን እዚህ ላይ እመዘግባለሁ።

«መምህር፣ ለቅሶ በሦስት ሴት አይሆንም» አለች። ዘመዶቿን ከብልባላ ልጥራ አለች። ትጥራ። ሙሾ አውጪዋ አመተ ማርያም ትምጣ? ትምጣ። ለመድረክ የሚሆን ድንኳን ከዕድራችን፣ ከቅሬው ለመዋስ ሄድኩ። የቅሬው ዳኛ አለቃ ገብረ መስቀል «ማን ሞተ?» አሉኝ። «ድንበሩ ነው አለቃ፤ ለትርዒት ነው።» «ነፍስ ይማር» ብለው ሰጡኝ። የሰሙኝ አልመሰለኝም። ወይም ሰምተውኛል።

«ልብሱስ?» አለች። ካሮጌ ጨርቅ እናዘጋጃለን አልኳት። በማግስቱ የታፈረን ይዛ መጣች፤ ኩታው፣ ቁምጣው፣ ከዱላው ጋር። ታጥቦ፣ ተጣጥፎ። «ኧረ ይቆሽሻል! ሲመለስ ምን ሊለብስ ነው?» አልኳት። ኩታውን እንደገና አጣጠፈችው። አንዳንድ ጊዜ ይህን ምላሴን ቢቆርጡልኝ እወዳለሁ።

በመጨረሻ «ለቀስተኞቹ በየት ነው የሚወጡ?» አለች።

«በመጋረጃው ኋላ።»

«ለቀስተኛ ተመጋረጃ ኋላ ይገባል እንዴ መምህር? መንገዱን ይዞ እያለቀሰ ወዳገሩ ነው የሚሄድ።»

ልክ ናት። በላስታ ወግ ለቀስተኛ እያለቀሰ ነው መንገዱን የሚይዘው። የኀዘንተኛ ሴትን ነጠላ ገልጦ ፊቷን የሚያይ ሚሊሺያም የለም፤ ነውር ነው። ይህችን የመጨረሻዋን የጨመርኩት ስለ ወጋችን ለማስረዳት ነው። ጽሑፉን አሻሽዬ «ለቀስተኞች በተመልካቹ መሀል አልፈው የብልባላን መንገድ ይዘው እያለቀሱ ይወጣሉ» አልኩ። ጓድ ሙሉሃብት አንብቦ ፈረመበት። «መድረኩንና ሕዝቡን ማቀላቀል! ዘመናዊ ነው» አለኝ።

ጳጉሜን 1

መኪናው ከወልዲያ ገባ። ጭቃ በጭቃ ሆኖ። ወንዝ ይመልሰዋል ብዬ... ማለቴ እንዳይመልሰው ሰግቼ ነበር። ሾፌሩን እንዴት አለፍክ ስለው «እግዜር ረድቶኝ» አለ። እግዜርም አንዳንዴ ይቸኩላል።

ጳጉሜን 4

የወለተ ሐና ግቢ በጎረቤት ድስት ተሞልቷል። ስንዴና ባቄላ ትቀቅላለች። «ለድንበሩ አንድ እፍኝ ይበቃዋል» አልኳት። «ለቀስተኛው ጾሙን ይሂድ?» አለች። እንዲህ ለሥራዋ የምትጨነቅ ተዋናይት አዲስ አበባም አትገኝ።

የመጨረሻው ልምምድ ዛሬ ነበር። ጋሻዬ ንፍሮውን ሲበላ አላሳቀም። ተቆጣሁት። ሲያልቅ ብቻችንን ቀረን። «ጋሼ፣ እኔ ብታመም ይህን ቦታ ማን ያውቀዋል?» አለኝ።

«የጻፍኩት እኔ! ከእኔ በላይ ማን ሊያውቀው?»

«ዘፈኑንም?»

«ዘፈኑንም!»

ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመ። ምን ነካው ይህ ልጅ? በአብዮት ዘመን እጅ መሳም ቀርቷል ብዬ ልገሥጸው ነበር፤ ፊቴን አዙሬ መሐረብ ፈለግሁ። ሳሉ ነው።

መስከረም 1 ቀን 1979

ዓመት መለወጫ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሰው ሁሉ እንኳን አደረሰህ ይለኛል። ምግብ አልበላ አለኝ።

መስከረም 2

ሆነ። ነገ እጽፋለሁ። ጥርሴ መሀል ንፍሮ አለ።

መስከረም 3

እንደሆነው እጽፋለሁ። ያየሁትን ብቻ።

ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ድንኳኑን ተከልን። መኪናው አደይ አበባ ታስሮለት ከጎን ቆመ። ምልምሎቹን አጠገቡ አስቀመጧቸው። ሹማምንቱ ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ። ሕዝብ ስል ላሊበላ ብቻ እንዳይመስል፤ ከብልባላ፣ ከኩልመስክ፣ እስከ ፍላቂት ድረስ ሰምተው የመጡ ነበሩ። ቁጥራቸው የሚበዛው ሴቶች ናቸው። ዝናዬ እዚያ ድረስ መድረሱ ገርሞኝ ነበር፤ ሞኝ።

የመጀመሪያው ክፍል ግሩም ሆነ። ጋሻዬ ስለ እግሩ ማነስ ግለ ሂስ ሲያደርግ ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጓድ ሙሉሃብት ዞር ዞር እያለ የሚስቁትን በኩራት ይቆጥር ጀመር።

ከዚያ መርዶው መጣ። የታፈረ ኩታ አልጋው ላይ ተዘረጋ። አመተ ማርያም በድንበሩ ስም አንድ ሁለት ስንኝ አወጣች፤ ከዚያ በኋላ ድንበሩን ያነሳው የለም። ወለተ ሐና ቆማ ነበር። በጽሑፌ ላይ የጻፍኩላትን አላለችም። እንዲህ አለች፦

መንገዱ ረዘመ ብዬ ስጠብቀው፣
ለካስ አፈር ኖሯል ልጄን የደበቀው።

አለቀ። ያ ሁሉ ሴት ባንድ ጊዜ ብድግ አለ። ነጠላው ሁሉ ተዘቀዘቀ። አንዲት የፍላቂት ባልቴት ከብብቷ የልጅ ሸሚዝ አውጥታ ከታፈረ ልብስ አጠገብ አስቀመጠች። ሌላዋ ቀበቶ። ሌላዋ የተማሪ ቦርሳ። አልጋው እስኪሞላ ድረስ አመጡ። የእነዚህ ሁሉ ልጆች መርዶ አልተነገረም፤ አልተለቀሰላቸውም። እኔ እነዚህን ሴቶች ለማሳቅ ክረምቱን ሙሉ ወረቀት ስፈጅ ከርሜ፣ እነሱ ሬሳ የሌለው ለቅሷቸውን ይዘውልኝ መጡ። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ጓድ ሙሉሃብት ከመድረኩ ጎን ወደ ቆምኩበት መጥቶ «ይህ ሁሉ ተዋናይ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ሕዝባዊ ተሳትፎ ነው ጓድ።»

«ጽሑፉ ላይ አለ?»

«እርስዎ ራስዎ ፈርመውበታል።»

ተመልሶ ተቀመጠ። ንፍሮው ሲዞር ለእሱም ደረሰው። የለቅሶ ንፍሮ እምቢ አይባልም፤ እሱም የሰው ልጅ ነው፤ በላ። መሐረብ አውጥቶ ዓይኑንም ጠረገ። አለቃ ገብረ መስቀል ካንድ ጥግ ሆነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ፍትሐት ይሁን ሌላ አልጠየቅሁም።

ለቀስተኞቹ መንገድ ጀመሩ። በሕዝቡ መሀል፣ በሚሊሺያዎቹ ፊት፣ ወደ ብልባላ። እኔ ጋሻዬን ላዘጋጅ ከመጋረጃው ኋላ ዞርኩ። የደንብ ልብሱ ከነጫማው ሣጥኑ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። የሙሉዬ ትርፍ ቀሚስ ከተሰቀለበት የለም። ሙሉዬ ራሷ ከለቀስተኞቹ ቀርታ እዚያው ቆማለች፤ አየችኝ፤ መሬት መሬት አየች።

በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። ከለቀስተኞቹ መሀል አንዷ ረዘም ትላለች፤ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ አውርዳለች። ማን እንደሆነች አላውቅም። የብልባላ ሴቶች ረጃጅም ናቸው። ግን ሌሎቹ እየተንገዳገዱ ሲሄዱ እሷ ደረቷን ነፍታ፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ እንዳስተማርኩት ትራመዳለች! መውጫው ላይ የቆመው ሚሊሺያ አንገቱን አስግጎ አያት። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

ምን እንዳደረግሁ በኋላ ነው የገባኝ። ሱሪውን አጠለቅሁ፤ ወገቤ አልገባም አለ፤ በገመድ አሰርኩት። ጫማውን ለማሰር ጊዜ አልነበረኝም። «እኔ ነኝ ድንበሩ!» ብዬ ጮኼ መድረክ ላይ ዘለልኩ፤ በቀጥታ በፊቴ ተደፋሁ።

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። እንባው ያልደረቀ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሚሊሺያውም ዞሮ ሳቀ፤ እኔን ለማየት ቀረብ ብሎ መጣ። ተነሥቼ ስለ እግሬ ዘፈንኩ፤ እየሳልኩ፣ ዜማውን እየሳትኩ፤ ሱሪዬን ይዤ ጨፈርኩ። የብልባላ መንገድ ባዶ እስኪሆን ድረስ ያንኑ ዘፈን ሦስቴ ደጋገምኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ንፍሮውን አፌ ሙሉ ዛቅሁ፤ ቀጥሎ ያለው ያ ስለሆነ። ወለተ ሐና ብቻዋን ከአልጋው አጠገብ ቆማለች።

«እማዬ፣ ማን ሞቶ ነው?»

እዚህ ላይ እልል ማለት ነበረባት። ዞር ብላ አየችኝ። «ታፈረ» አለች።

ቀጥሎ የእኔ ቃል «እኔ ነኛ! ይኸው አለሁ!» የሚል ነው። በራሴ እጅ የጻፍኩት ነው። ንፍሮውን ዋጥኩና «እግዜር ያጥናዎት» አልኳት። ሕዝቡም ከኋላዬ ተቀብሎ «እግዜር ያጥናሽ» አላት።

መጋረጃ።

መስከረም 6

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል መጋዘኑ ውስጥ ነኝ። ጋሻዬ የለም፤ እሱ እስኪገኝ ተብሎ መኪናውም አልተነሣም። የብልባላ ዘመዶቹ አላየነውም ይላሉ። ወለተ ሐናን ጠየቋት፤ «መምህር እንዳሉኝ አለቀስኩ እንጂ ከመድረክ አልወረድኩም» አለች። አገር ያየው ነው፤ ምንም ሊሏት አልቻሉም።

ጓድ ሙሉሃብት አስጠራኝ። ቆቡን አላወለቀም። ፊቱ አመድ መስሏል። አሁን ነው ልጅ መሆኑን በደንብ ያየሁት። «የተፈቀደ ለቅሶ አካሂደናል ብዬ ሪፖርት ልጻፍ? ከፊርማዬ ጋር?» አለ። ወረቀት ስቦ ቀጠለ፦ «ትርዒቱ ተሳክቷል። የምልምሎቹ ቁጥርም አልጎደለም። እንዲህ ነው የሚጻፈው። የደንብ ልብሱን ለብሰህ ድንበሩ ነኝ ብለህ የጮህከው አንተ ነህ፤ ሕዝብ ያውቅሃል።»

«ዕድሜዬ አይፈቅድም ጓድ።»

«ስንት ነው?»

«አርባ ስድስት።»

«ሠላሳ» ብሎ ጻፈ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሙገሳ ሰምቼ አላውቅም።

ፈርቻለሁ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ ፈርቻለሁ። ሌሎቹ ልጆች በእንቅልፋቸው እናታቸውን ይጠራሉ። እኔ የምጠራው አጣሁ።

መስከረም 9

መኪናው ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢንገጫገጭ አይፈረድብኝም።

ወለተ ሐና ልትሸኘኝ መጣች። ጸጉሯን ተላጭታለች፤ ጥቁር ለብሳለች። አሁን ማንም አይከለክላትም፤ ለድንበሩ ነው። ጠባቂው ሊመልሳት ሲል «የመምህሩ ጎረቤት ነኝ» ብላ አለፈችው።

«ከብልባላ ሰው መጥቶ ነበር። ሁሉም ደኅና ገብተዋል አለ» አለችኝ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

የመኪናውን ጎን ያዝኩ።

«መምህር፣ ልብስዎን ለማን ተዉ?»

«ለማን እተወዋለሁ? ማን አለኝ?»

ሁለት እጇን ዘረጋች። «ለእኔ ይስጡኝ።»

ልብሴ እሷ ዘንድ ለምን እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። ኮቴን አወለቅሁ። ለእሷ ልሰጣት ስል አፈርኩ፤ አሮጌ ነው፣ አንገቱ አልቋል። «አንድ ቁልፍ ጎድሎታል» አልኳት።

«እሰፋዋለሁ» አለች። «መጥተው ይለብሱታል።»

አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ከከተማ ወጥተን፣ እስክንታጠፍ ድረስ እዚያው ቆማ ነበር።